ለእንግዳ የታፈነ አቧራ

ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጀርባ፣ ወደ ገርጂ በሚወስደው ኮረኮንች መንገድ ዳር፣ ነጭ ድንጋይ ፈጭቶ ዱቄት የሚያደርግ አንድ ፋብሪካ ነበረ። ዱቄቱ ለጠርሙስ፣ ለሸክላ ሳህን፣ ለመታጠቢያ ቤት ንጣፍ ይሆናል ይባላል። ከመወረሱ በፊት የአንድ ጣሊያን ነበር፤ ከተወረሰ በኋላ የሰፊው ሕዝብ ሆነ። ሰፊው ሕዝብ ግን ከአቧራው በቀር ደርሶት አያውቅም።

የዘርፌ ባል እሸቴ የወፍጮው ክፍል ሠራተኛ ነው። ወፍጮው የሚተፋውን ዱቄት በከረጢት ይቀበላል፣ አፉን ይሰፋል፣ ተሸክሞ ይደረድራል። ዘርፌ ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ በጽዳት ትሠራለች፤ የእንግዳ መቀበያውን መስታወት ስትወለውል ውላ ማታ ስትገባ ክንዷ አልታዘዝ ይላታል። ስለዚህ ልጅ የማብላቱ ነገር ለእሸቴ የተተወ ነበር። ተገዶም አይደለም። ልጃቸው አለም ከእናቷ እጅ አትጎርስም፤ አባቷ እስኪመጣ ጦሟን ትጠብቃለች። እሱም የመጀመሪያዋን ጉርሻ ለልጁ ሳይሰጥ እህል አይቀምስም።

«አፈር ስሆን፣ የኔ እመቤት፣ ይቺን ብቻ» ይላታል። ይቺን ብቻ፣ ይቺን ብቻ እያለ ትሪውን ያስጨርሳታል።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷን ልታፈነዳት ነው እንዴ!» ትላለች ዘርፌ።

«ቅናተኛ!» ይልና ለእሷም ጠቅልሎ ያጎርሳታል። እንዲህ ነበር የሚኖሩት። ሀብት የላቸውም፤ ሳቅ ግን በቤታቸው ሞልቶ ነበር።

እንግዲህ ድንጋይ ሲፈጭ አቧራው አይጣል ነው። ሻካራው ከረጢት ውስጥ ይገባል፤ የደቀቀው፣ በዓይን እንኳ የማይታየው ግን አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ የሚሠራው ሰውም ይስበዋል። ጣሊያኑ ለዚህ መላ አበጅቶለት ነበር። አንድ ትልቅ ማራገቢያ አቧራማውን አየር ከወፍጮው ክፍል እየሳበ መጀመሪያ በረጃጅም የጨርቅ ከረጢቶች ውስጥ ያሳልፈዋል፤ ጨርቁ እንደ ወንፊት አቧራውን ያስቀራል። ከጨርቁ ያመለጠው ወደ አንድ ረጅም የብረት ማማ ይገባል፤ እዚያ ከላይ ውሃ እንደ ዝናብ እየወረደ አቧራውን ያጥበዋል። ሠራተኞቹ «ሻወር» ነበር የሚሉት። ማማው ጫፍ ላይ ደግሞ የተጣጠፉ ላሜራዎች ተደርድረዋል። አየሩ በእነሱ መሃል እየተጠማዘዘ ሲያልፍ፣ የያዘው የውሃ ጠብታ ከላሜራው ጋር እየተላተመ ወደ ታች ይንጠባጠባል። ከዚያ በኋላ ወደ ውጭ የሚወጣው አየር ደረቅና ንጹህ ነው።

ይህን ሁሉ የሚጠብቀው ኦላና የሚባል የወለጋ ልጅ ነበር፤ በሙያው ቴክኒሽያን፣ ለእሸቴ ደግሞ ከወንድም የማይተናነስ ጓደኛ። ላሜራዎቹ መታጠብ ብቻ ሳይሆን በየጊዜው መለወጥ ነበረባቸው፤ መለወጫው ደግሞ ከውጭ ነው የሚመጣው። የውጭ ምንዛሪ ለጦር ግንባር እንጂ ለላሜራ ማን ይሰጣል? የድንጋይ ጭቃ ደረቀባቸው፣ ቀዳዳው ተደፈነ፣ የቀረውም ዛገ። ጠብታውን የሚይዘው ሲጠፋ ማማው ነጭ ጠብታ በሰፈሩ ላይ ያዘንብ ጀመር። የተሰጣ ልብስ ተዥጎረጎረ። የአንዱ ገበሬ ጥቁር ላም ነጭ ነጠብጣብ ይዛ ቤቷ ገባች። ሰዉ ፋብሪካውን ረገመ፤ ነገር ግን ወፍጮው ክፍል ውስጥ አየሩ ያው እንደ ድሮው ደህና ነበር፤ የታመመም ሰው የለም።

ነገሩ የተበላሸው አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ሊያከብር ሲል ነው። ከተማው በቀይ ጨርቅ ተጠቀለለ፤ የቦሌ መንገድ በቅስት ላይ ቅስት ተተከለበት። ከየሶሻሊስት አገሩ እንግዳ ሊመጣ ነው። የፋብሪካው ካድሬ ጓድ መኩሪያ አንድ ቀን ጠዋት ከአውሮፕላን ማረፊያው በኩል ሲመጣ ነጩ ጉም ከማማው ሲወጣ አየ። ይባስ ብሎ አንዲት ነጭ ጠብታ የመኪናው መስታወት ላይ ጠብ አለች። በቃ፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል!

«እንግዶቻችን ከአውሮፕላን ሲወርዱ የሚያዩት ይሄን ነው?» አለ፣ ሠራተኛውን ግቢ ውስጥ ሰብስቦ። «ከነገ ጀምሮ ከዚህ ፋብሪካ አንዲት ጠብታ፣ አንዲት ብናኝ እንዳትወጣ!»

«ወፍጮውን እናቁም ማለት ነው?» ብሎ ኦላና ጠየቀ።

«ማን ምርት ይቁም አለህ? የበዓሉን ኮታ ማን ሊሞላው ነው? ማራገቢያውን አቁመው። የማማውን አፍ ክደነው።»

«ጓድ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አቧራው እኮ ወይ ውጭ ነው ወይ ውስጥ ነው። ሦስተኛ ቦታ የለውም።»

ሠራተኛው ሳቀ። መኩሪያ ግን አልሳቀም። ወደ ኦላና ጠጋ ብሎ፣ በለሆሳስ፣ «ጓድ ኦላና፣ የኢኮኖሚ አሻጥር ምን እንደሆነ ታውቃለህ አይደል?» አለው። ማን የማያውቅ አለ! የኦላና ታላቅ ወንድም በዚሁ ቃል ከቤቱ ተወስዶ እስከ ዛሬ የት እንደገባ አይታወቅም። ኦላና ማራገቢያውን አጠፋ፣ መሰላሉን አነሳ፣ ማማው ላይ ወጣ፣ አፉን በወፍራም ላሜራ ከደነው።

«ለአንድ ወር ብቻ ነው» ተባለ። አይ አንድ ወር! እኛ አገር ጊዜያዊ የተባለ ነገር ጎጆ ቀልሶ፣ ልጅ ወልዶ ነው የሚቀመጠው። ጊዜያዊ ነኝ ብሎ የመጣው መንግሥት ራሱ መቼ ሄደ?

እንግዶቹ መጡ። ዘርፌ መስታወቱን እየወለወለች አየቻቸው፤ ሰማዩ ጠርቷል፣ ጸሐዩ ደምቋል፣ እነሱም በቀዩ ምንጣፍ ላይ እየሳቁ ሲሄዱ። ሞኟ ዘርፌ በሆዷ፣ «ተመስገን፣ ከእንግዲህ ያሰጣሁት ልብስ አይዥጎረጎርብኝም» አለች። እውነቷን ነው፤ ልብሱስ ከዚያ በኋላ አልተዥጎረጎረም።

በዚያው ሰሞን እሸቴ ነጭ ሆኖ ቤቱ መግባት ጀመረ። ቅንድቡ ነጭ፣ ሽፋሽፍቱ ነጭ፣ የጆሮው ጸጉር ሳይቀር ነጭ። ዘርፌ በሩ ላይ ቆማ፣ «አባባ፣ ማንን ፈልገው ነው?» ትለዋለች። እሱም ጎንበስ ብሎ እንደ ሽማግሌ እያነከሰ፣ «ልጅዎን ለጋብቻ ልጠይቅ ነው» ይላል። አለም ትንከተከታለች። ቤተሰቡ ሁሉ በየማታው በዚህ ነገር ይስቃል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ያለው ማን ነበር? እጁ ይባረክ ልበል፣ አፉ ይባረክ ልበል አላውቅም፤ ግን አውቋል።

በዓሉ አለፈ፤ ማማው ግን አልተከፈተም። ማራገቢያው የሚበላው መብራት ተረፈ፤ ቀድሞ በአየር ይሄድ የነበረው ዱቄትም ከወለል እየተጠረገ ከረጢት ገባ። ምርት ጨመረ! ጓድ መኩሪያ ከመድረክ ላይ ቆሞ ተጨበጨበለት። ይሄን ያህል ጭብጨባ ያመጣ ክዳን ማን ደፍሮ ይከፍተዋል?

ቀጥሎ ባለው ዓመት ክረምት እሸቴን ሳል ጀመረው። መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባለ። ዳማ ከሴ ተጨምቆ ጠጣ። ቀጥሎ ክሳት መጣ፤ ቀጥሎ ከፋብሪካው እስከ ቤቱ ባለችው ዳገት ላይ መሃል መንገድ ቁጭ ብሎ ማረፍ መጣ። ዘርፌ እየጎተተች ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ደረቱን ፎቶ አነሱት። ሐኪሙ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየው፣ ምላሱን ጠቅ አደረገ፣ «ሳንባ ነቀርሳ ነው» አለ። ሥራህ ምንድነው ብሎ የጠየቀው የለም። ከኋላው ስንት ሰው ተሰልፎ ሳለ ማን ይጠይቀዋል!

ያ ቃል ያኔ ጮክ ተብሎ አይጠራም ነበር። ግን ግቢ ውስጥ ምን ይደበቃል? እትዬ ፈለቀች፣ ግቢውን የሚጋሩት ባልቴት፣ ሲመሽ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና ዘርፌን ወደ ጓሮ ወሰዷት።

«ልጄ፣ ክፉ ሴት አትበይኝ። እኔ ሁለት ልጅ በዚህ በሽታ ቀብሬያለሁ። ታላቅየውን ሳስታምም አዝኜ ዕቃ አልለየሁም፤ ታናሽየው ያንኑ ኩባያ ጠጥቶ ነው የተከተለው። ዕቃውን ለዪ። መኝታውን ለዪ። ልጅሽን ከአጠገቡ አታድርሻት። ከባልሽ ብትጣዪም ተጣዪ።»

ክፉ ሴት አልነበሩም። እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ነበር የሚናገሩት። ዘርፌም አለቀሰች፤ አልቅሳ ስታበቃ ተነስታ ወሰነች። የአንዱን ሳህን ጠርዝ በምስማር ጫረችበት፤ የአንዱ ኩባያ ጆሮ ላይ ቀይ ክር አሠረች። ከጓሮ ያለችውን የማገዶ ቤት ጠረገች፣ ግድግዳውን በጋዜጣ ለጠፈች፣ ፍራሽ አነጠፈችበት። ይህን ሁሉ ስታደርግ እሸቴ ሣሎኑ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያያታል። ጨርሳ ስትመጣ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ደግ አደረግሽ» አላት እሱ ቀድሞ። «እኔም ልልሽ ነበር፤ አፌ አልታዘዝ ብሎኝ ነው።» ጋቢውን አንስቶ ወደ ጓሮ ሄደ። አለም ተከትላው ስትሮጥ ዘርፌ ከወገቧ ይዛ አስቀረቻት።

ልጅቷ እንጀራ እንቢ አለች። ብትለመን፣ ብትገሠጽ፣ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ መላ ያገኘው ራሱ እሸቴ ነው። እሱ የማገዶ ቤቱ ደጃፍ ላይ ይቀመጣል፤ አለምና እናቷ ደግሞ ከግቢው ማዶ፣ ከልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ። እሱ ከራሱ ሳህን ጠቅልሎ እጁን ወደ እሷ ይዘረጋል። «አፈር ስሆን፣ የኔ እመቤት፣ ይቺን ብቻ!» አለም አፏን ስትከፍት ዘርፌ ከሌላው ሳህን ታጎርሳታለች። እሱ የዘረጋውን ወደ ራሱ አፍ መልሶ ያላምጣል። ልጅቷ ከአባቷ የጎረሰች ይመስላታል። ዘርፌ ይህን ነገር በየቀኑ ታደርጋለች፤ ልጅ ትብላ እንጂ! ሆድ ይፍጀው ብላ ቻለችው።

እሸቴ ደግሞ ከእሷ የበለጠ ጥንቁቅ ሆነ። ነፋስ ከእሱ ወደ ልጅቷ በነፈሰ ቀን በሩን ይዘጋል። አለም ረስታ ስትጠጋው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እስክትሄድ ይጠብቃል። ምክንያትም ነበረው። ከእሱ ጋር ወፍጮው ክፍል የሚሠራው ገብረትንሣኤ፣ ገና ሚዜ ፈልጎ ሠርግ የሚያስብ ጎረምሳ፣ ያው ሳል ያዘውና ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ሌላም ሰው አልጋ ላይ ዋለ። ሰዉ ምን አለ? «እሸቴ ነው ያስያዛቸው፤ አብረው አይደል ምሳ የሚበሉት» አለ። የአብዬን ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው! ግን እሸቴ አመነ። የገብረትንሣኤ እናት ቤት ለቅሶ እንኳ ለመድረስ አፍሮ፣ ማገዶ ቤቱ ውስጥ ብቻውን አለቀሰለት።

መርፌውን ተወጋ። ኪኒኑን ዋጠ። የካ ሚካኤል ጠበል ተጠመቀ። ሳሉ ግን ንቅንቅ አላለም። አለም አደገች፣ ጥርሷ ወለቀ፣ ፊደል ቆጠረች፤ አባቷ ከማዶ ሆኖ አጨበጨበላት። ኦላና አልፎ አልፎ ይመጣል፤ ሙዝ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ብዙም ሳይጫወት ይሄዳል። ዘርፌ በሽታውን ፈርቶ ይመስላት ነበር።

እሸቴ ከአልጋ መውረድ ሲያቅተው ዘርፌ የመጨረሻውን ፎቶና የምርመራ ወረቀቶቹን በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ከተማ፣ ወደ አንድ ትልቅ ሐኪም ቤት ሄደች። እዚያ ዶክተር አስመረት የሚባሉ የደረት ሐኪም ተቀበሏት፤ ጸጉራቸው ገብስማ የሆነ፣ ዝምተኛ ሴት። ወረቀቶቹን አገላበጡ፤ ፎቶውን ከመብራቱ ላይ ሰክተው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ባለቤትሽ ሥራው ምንድነው?» አሉ።

ዘርፌ ግራ ገባት። ይሄን ሁሉ ጊዜ እንዲህ ብሎ የጠየቃት የለም። «ድንጋይ ይፈጫል፤ ነጭ ድንጋይ» አለች።

«አቧራውን የሚያወጣ ነገር የላቸውም?»

«ነበራቸው። እንግዳ ሲመጣ ተዘጋ።»

ዶክተሯ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። «ስሚኝ እህቴ። አክታው ስንት ጊዜ ተመርምሯል፤ አንድም ቀን የነቀርሳ ተሕዋስ አልተገኘበትም። ሲታይ ስለሚመሳሰል ነው የተሳሳቱት። ይሄ የድንጋይ ብናኝ ነው። ሳንባው ውስጥ ገብቶ ጠባሳ ሆኗል።»

«ይድናል?»

ዶክተሯ ፎቶውን ከመብራቱ ላይ ነቀሉ። «ቤቱ ይሁን። የሚወደውን አብዪው» አሉ።

ይሄን ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። ዘርፌም ገባት። ግን ሌላ ጥያቄ ነበራት፤ ከዚህኛውም የበለጠ የፈራችው። «ወደ ልጄስ... ይተላለፋል?»

«ድንጋይ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል እንዴ?»

ዘርፌ ሳቀች። እግዜር ያሳያችሁ፣ እዚያው ወንበሩ ላይ ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና ወደ ጩኸት ተለወጠ። ስንት ጉርሻ! ስንት መታቀፍ! ሰውዬው ከልጁ ጋር አንድ ትሪ ላይ በልቶ፣ አንገቷ ሥር አሽትቷት፣ ደረቱ ላይ አስተኝቷት ሊኖር ሲችል፣ እሷ በገዛ እጇ ማገዶ ቤት አስገብታ፣ ሳህኑን በምስማር ጭራ... ለምን? ለምንም! «እርስዎ ራስዎ ይንገሩልኝ፣ እኔን አያምነኝም» ብላ እግራቸው ሥር ወደቀች። «አምጪው» አሏት። «ከአልጋ አይነሳም» አለች። ዶክተሯ በሩን፣ ከበሩ ውጭ እየሳለ የተሰለፈውን ሰው ተመለከቱና መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

ከመገናኛ ወዲህ በእግሯ እየሮጠች ነው የመጣችው። ማገዶ ቤቱን በርግዳ ገባችና ፍራሹ ላይ፣ ከጎኑ ዘፍ አለች። እሸቴ ደንግጦ ወደ ግድግዳው ተጠጋ።

«ተነሺ! ምን ሆነሻል አንቺ?»

«እሸቴ፣ ነቀርሳ አይደለም! አቧራው ነው። የፋብሪካው አቧራ ነው። አይተላለፍም!»

እሸቴ አያት። ከዚያ ያቺ የድሮ ፈገግታው መጣች። «ይሞታል አሉሽ፣ አይደል?» አላት።

ዘርፌ ዓይኗን ከፊቱ ላይ አነሳች። ያንን እንዴት ትዋሸው? ደግሞስ እንዴት እውነት ትንገረው?

«ገባኝ» አለ እሸቴ። «አይዞሽ። ግን ሲሞት ደስ ብሎት ይሙት ብለሽ ልጄን አትግደያት።»

«ወላዲተ አምላክን! እውነቴን ነው!»

ሳህኑ ከራስጌው ነበር፤ ጠዋት በልቶ የተወው ፍትፍት አለበት። ዘርፌ አንስታ በሁለት እጇ እየጠቀለለች ጎረሰችው። ኩባያውን አንስታ የተረፈውን ውሃ እስከ አተላው ጠጣችው። «እየው! እየው! ምን ሆንኩ?» እሸቴ አቅም በሌለው እጁ ሳህኑን ሊነጥቃት ሲታገል ቆየና ደክሞት ወደቀ። እንባው መጣ። በሽታው ከጀመረው ጀምሮ እሷ ፊት አልቅሶ አያውቅም።

«አብረሽኝ ልትሞቺ ነው? ልጄን ያለ እናት ልታስቀሪያት ነው? ገብረትንሣኤን የገደልኩት አይበቃም?»

ባሳየችው ቁጥር የባሰ ማበዷ ይታየዋል። በምን ታሳምነው!

አለም ጩኸቱን ሰምታ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። ልጅ ደግሞ የሚፈልገውን ቃል ከመሃል ለቅሞ ይይዛል። «እማዬ፣ አይተላለፍም አልሽ? ልግባ?» አለች፤ አንድ እግሯን ደፉ ላይ አድርጋ።

«ውጪ!» ብሎ እሸቴ ጮኸ። ከተወለደች ጀምሮ ተቆጥቷት አያውቅም። «ውጪ አልኩሽ!» ጩኸቱ ሳሉን ቀሰቀሰው፤ ሲስል ደም መጣ። ልጅቷ እያለቀሰች ወደ እትዬ ፈለቀች ቤት ሮጠች።

በማግስቱ ዘርፌ ኦላናን ይዛው መጣች። እሱን ያምነዋል፤ ኦላና ዋሽቶት አያውቅም። ኦላና ባርኔጣውን በእጁ እየጨመቀ ፍራሹ አጠገብ ተንበረከከ።

«እውነት ነው እሸቴ። አቧራው ነው። ገብረትንሣኤንም አቧራው ነው የገደለው፤ አንተ አይደለህም።»

እሸቴ ዓይኑን ተከለበት። «መቼ ነው ያወቅከው?»

ኦላና ባርኔጣውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። «ማማውን ስከድነው ጠርጥሬ ነበር። ሰዉ መሳል ሲጀምር አወቅኩ። ፈራሁ፣ ወንድሜ። እንደ ታላቅ ወንድሜ እንዳልሆን ፈርቼ ዝም አልኩ።»

በቃ፣ ወጣች! እውነት ሙሉዋን፣ እርቃኗን ወጣች። ዘርፌ እጆቿን አጣምራ ባሏን ታያለች። እሸቴ ግን ራሱን ቀስ አድርጎ ነቀነቀ፤ ኦላናን ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«አይ ኦላና። አንተ እያወቅክ፣ እኔ ልጄን ሳላቅፍ ይሄን ሁሉ ጊዜ ስቀመጥ እያየህ፣ ሙዝ ይዘህልኝ እየመጣህ ዝም ትላለህ? አንተ? ሰው ቢነግረኝ አላምንም። ዘርፌ ለምናህ ነው። ገብቶኛል፣ ጥሩ ሰው ነህ።»

ኦላና ከዚያ ቤት የወጣው በእንብርክኩ ነው ማለት ይቻላል። አጥሩን ተደግፎ ሲያለቅስ እትዬ ፈለቀች ውሃ አመጡለት፤ አልጠጣም። ዘርፌ አልሰደበችውም። ልትሰድበው ፈልጋ ነበር፤ ጉልበት አጣች።

ከዚያ ወዲያ እሸቴ ብዙም አልተናገረም። ትንፋሹ እየጠበበ፣ እየጠበበ፣ ከደረቱ ሳይሆን ከጉሮሮው ብቻ የሚመጣ ሆነ። ዘርፌ ሥራዋን ትታ አጠገቡ ተቀመጠች። አልጋውን ወደ ሣሎኑ እንመልሰው ብትለው እንቢ አለ። አንድ ቀን ጠዋት ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ስታየው፣ ቀኑ እንደደረሰ አወቀች። ካላመነም አይመን አለች። ቢያንስ የልጁን እጅ ይዞ ይሂድ። ይሄን እንኳ ልነፍገው ነው?

አለምን ከእትዬ ፈለቀች ቤት አመጣቻት። እትዬ ፈለቀች በሩ ላይ ቆመው፣ እጃቸው አፋቸው ላይ፣ አላስቆሟትም። ልጅቷ ደፉ ጋ ስትደርስ ቆመች። የዚያን ቀኑ ጩኸት ገና ከጆሮዋ አልወጣም።

«ግቢ፣ የኔ ልጅ። ዛሬ አይቆጣሽም።»

አለም በጣቶቿ ጫፍ እየረገጠች ገባች። ማገዶ ቤቷን፣ በግድግዳው የተለጠፈውን ጋዜጣ፣ ፍራሹን፣ ሁሉንም እንደ አዲስ አገር እያየች ነው። ዘርፌ ከአባቷ ጎን አስቀመጠቻት፤ ትንሿን እጅ አንስታ ትልቁ መዳፍ ውስጥ ከተተችው። አለም ጎንበስ ብላ ፊቷን ፊቱ አጠገብ አደረገች።

«አባዬ፣ ገባሁ» አለችው በሹክሹክታ።

እሸቴ ዓይኑን ገለጠ። ያየው የልጁን ፊት ነው፤ ያን ያህል ቅርብ፣ የወለቀው ጥርሷ ቦታ ሳይቀር እስኪታይ ድረስ። ጣቶቹ በእጇ ላይ ጥብቅ አሉ። ዘርፌ ይህን አየች። ፊቱ ላይ የወጣውን ብርሃን አየች፤ ይህችን አይታለች፣ ማንም አይወስድባትም። ግን ወዲያው ትዝ አለው። ፊቱን ወደ ግድግዳ ሊያዞር ሞከረ፤ አንገቱ አልታዘዘውም። እጇን ሊገፋ ሞከረ፤ ክንዱ አልተነሳም። ልጅቷን ከራሱ የሚያርቅበት ምንም ነገር አልቀረውም፤ አንድ ነገር ብቻ ቀረው።

ከንፈሩን ግጥም አድርጎ ዘጋ።

ዘርፌ መጀመሪያ አልገባትም። ደረቱ መነሳቱን ሲያቆም፣ የአንገቱ ሥር ሲገተር፣ ዓይኑ ልጁ ላይ እንደተተከለ ሲፈጥ ነው የገባት። ትንፋሹን ይዟል። ልጁ ላይ ላለመተንፈስ ትንፋሹን ይዟል።

«ተንፍስ!» ብላ ጮኸች። ትከሻውን ይዛ ናጠችው። «እሸቴ፣ ተንፍስ! ምንም አትሆንም! እውነቴን እኮ ነው፣ ምንም አትሆንም፣ ተንፍስባት!»

አልተነፈሰም።